በድልድዩ ውስጥ ያሉት ጥቁር ድንጋዮች

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.

ሃያ ስምንት እርምጃ ቀረ። የሠራተኞቹ አለቃ ካፖ ዘርአይ ከሰዓት በኋላ ገመድ አስዘርግቶ ሲለካ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከየብሱ የተነሣው የድንጋይ መንገድ አንዱ ጫፍ፣ ከደሴቷ የተነሣው ሌላው ጫፍ፤ በመካከሉ ሃያ ስምንት እርምጃ ውሃ ብቻ። ውሃው በዚያች ጠባብ በር ሲያልፍ እንደ ክረምት ወንዝ ይጮኻል። ባሕር ሲጮኽ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ እንደ አገሬ ወንዝ ሲጮኽ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። ቆቤን አወለቅሁ።

«አቶ ጸሐፊ፣ ለባሕር ነው ቆብ የምታወልቀው?» አለ ካፖው። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበል? ሰው ድንጋይ እየወረወረ ባሕር ላይ ሲራመድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የምጽፈው ስንት ጀልባ ድንጋይ እንደገባ ነው፤ ያየሁትን የምጽፍበት ዓምድ ግን የሥራው መዝገብ ላይ የለም። እዚህ ልጻፈው።

የሚመጣው ረቡዕ ይገናኛል ብሏል ካፖው። በመካከሉ ጀልባ የሚያሾልክ የጣውላ ድልድይ ይጋደምበታል። በማግስቱ ሐሙስ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፣ ሰው በእግሩ ይሻገራል። ጥር 21። ባለቤቴ አስካለ ያረፈችበት ቀን መሆኑን ካፖው አያውቅም። ቀኑን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። ማን እንደመረጠው ግን እጠረጥራለሁ።

ለዚያ ቀን የሚያስፈልጉኝ፦
ጧፍ፣ ሦስት።
ንጹሕ ሸሚዝ።
ለመስቀል የሚሆን ጣውላ (ካፖውን እለምናለሁ)።
ድፍረት።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ።

አምስት ዓመት ሆነው። አስካለ አስመራ እህቷ ዘንድ ከርማ በምጽዋ መርከብ ስትመለስ፣ መርከቡ ላይ ፈንጣጣ ገባ ተብሎ ተሳፋሪው ሁሉ ደሴቷ ላይ ወረደ። ከድሮው ጉምሩክ ፍርስራሽ አጠገብ የቆርቆሮ መጠለያ ነበር፣ እዚያ አቆዩአቸው። እኔ በየጠዋቱ እዚህ ዳር እቆም ነበር። እሷ ነጠላዋን ታውለበልባለች፣ እኔ ቆቤን። ዘበኛው «መግባት ትችላለህ፣ በሽታው ሳይጠፋ መውጣት ግን የለም» አለኝ። አልገባሁም። ነገ እገባለሁ እያልሁ ስምንት ቀን ቆምሁ። በዘጠነኛው ቀን ነጠላ አልታየም።

የቀበራት ውሃ የሚያመላልሰው ጀልበኛ ሐመዱ ነው፣ ከዘበኛው ጋር። በአርባዋ ተሻገርሁ። ሰባት ነጭ የባሕር ድንጋይ በክብ አድርጌ፣ ስመ ጥምቀቷን ወለተ ማርያምን ጣውላ ላይ በሚስማር ጭሬ ተከልሁ። ስመለስ ማዕበል ተነሣ፣ ጀልባችን ግማሽ ውሃ ሞላች፤ ሐመዱ በቆርቆሮ እየቀዳ አወጣኝ። ሁለተኛ ጀልባ ላይ አልወጣም አልሁ። ቀጥሎ በባሕሩ ዳር ወዳለችው ጥዖ አዛወሩኝ፣ በመኪና ሄድሁ፤ አምና ተመለስሁ። ድልድዩ ሲጀመር በሙሉ ልቤ የተደሰትሁት ሰው እኔ ነኝ። በደረቅ እግሬ እሄድላታለሁ ብዬ።

የዛሬው ነገር ግን ይህ ነው። ከደሴቷ በጀልባ የመጣው ድንጋይ ጥቁር ነበር። ደሴቷ ነጭ ናት፣ ድንጋይዋ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት። የዛሬው ጭነት ግን ከባድ ጥቁር፣ ቀይ፣ እንደ ዳቦ የከበበ፣ አንዱማ አረንጓዴ መስመር ያለው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ድንጋይ ፈልጌ አጣሁ። ከሩቅ አገር የተሰበሰበ እንግዳ ይመስላል። ማን ነው ወደ ደሴት ድንጋይ የሚያመላልስ? አንዲቷን ትንሽ ጥቁር ድንጋይ ይዤ መጣሁ፣ አሁን ጠረጴዛው ላይ ናት።

«ከሦስተኛው ክምር ነው» አሉኝ ሠራተኞቹ።

ሦስተኛው ክምር። የሚነሡት ክምሮች ዝርዝር የእኔ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ካፖው «የቱ ድንጋይ እንደሚነሣ አብረን አይተን እንጻፍ» ብሎኝ ነበር። ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም። ጀልባውን ፈርቼ ነው። ደሴቷ ላይ ያለው የጥንት ሼክ መቃብርና የጉምሩኩ ግንብ እንዳይነካ አስቀድሞ ታዟል፤ እኔም «ከመጠለያው ጀርባ ሰባት ነጭ ድንጋይ በክብ አለች፣ እሷም እንዳትነካ» አልሁት። ተመልሶ «እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር የለችም፣ አሸዋ ውጧት ይሆናል። ያሉት ሦስት ትልልቅ ክምሮች ናቸው» አለኝ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍሁ። ከታች «በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» ብዬ ፈረምሁ። ሁልጊዜ የምንፈርመው እንዲህ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 15

ድንጋይቱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሸህ ሙሔ ሱቅ ሄድሁ። ከጁምዓ መመለሱ ነበር። የወሎ ሰው ነው፣ እንደኔ፤ ወደዚህ ሙቀት ዕድል ከጣለን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

«ይህ ድንጋይ ከየት ነው?» አልሁት።

«አቶ ወልዴ፣ ሱቄ ውስጥ ስኳር አለ፣ አቡጀዴ አለ፣ ላምባ አለ። ዛሬ ደግሞ ድንጋይ ልትሸጥልኝ መጣህ?» አለና ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው። «ይሄማ የበይሉል ባሕር ዳር ድንጋይ ነው። ጀልባ ስገፋ እግሬን የላጠኝ የዚህ ወንድም ነው።»

«ደሴቷ ላይ የተገኘ ነው። ትልቅ ክምር፣ ሁሉም ከየአገሩ የመጣ።»

ሳቁ ጠፋ። «አፋር ድንጋይ በከንቱ አይሸከምም» አለ። «ለሞተ ሰው ነው የሚያኖረው። በዚያ ያለፈ ሁሉ አንዳንድ ይጥላል። ሐመዱን ጠይቀው።»

«ሐመዱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከድልድዩ ሥራ ቀርቷል።»

«እንግዲያው ፈጥነህ ጠይቀው።» ድንጋይቱን መለሰልኝ። «አብሽር፣ የሌላ ሰው ይሆናል።»

አብሽር ሲል ግን ዓይኔን አላየም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ክምሩ የማን እንደሆነ አወቅሁ።

ሐመዱን ከጀልባው ጥላ ሥር መረብ ሲጠግን አገኘሁት። ሰላም ብዬ ቀጥታ «ስለ ድንጋዩ ልጠይቅህ» አልሁ። መረቡን መጠገኑን ቀጠለ። አፋር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፣ ዳጉ ይሉታል፤ ያለ ዳጉ ነገር አይጀመርም። እኛ ደጋዎች ሁልጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ተቀመጥሁና እንደ ሥርዓቱ ጀመርሁ፦ ከቤት ስወጣ ማንን እንዳየሁ፣ የነፋሱን ነገር፣ የትኛው ሳምቡክ ጀልባ እንደገባ። በመጨረሻ ስለ ጥቁሩ ድንጋይ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

ከዚያ መረቡን አስቀመጠ።

«ያ ወልዴ፣ አሁን የኔን ዳጉ ስማ። ሴትዮዋን ስቀብር ዘመድ አልነበራትም። ድንጋይ የሚያኖርላት ወንድም የለ፣ ልጅ የለ። አንተ አንድ ቀን መጣህ፣ ሰባት ትንንሽ አደረግህ፣ ሄድህ። እኔ አንድ አኖርሁ። ለሌላው ጀልበኛ ነገርሁት፦ እዚህ ላይ እንግዳ ሴት አለች፣ ሰው የላትም። እሱም አኖረ፣ ለሌላው ነገረ። የበይሉል ሰው ከበይሉል አመጣ፣ የጥዖ ሰው ከጥዖ። በዚያ ያለፈ ጀልባ ሁሉ። አምስት ዓመት።»

«የአስካለ ነው?» አልሁ።

«ስሟን አላውቅም። እኛ የነጠላዋ ሴት ነው የምንላት።»

ትንንሾቹን ሰባት እየፈለግሁ፣ ትልቁ ክምር እንዲነሣ ፈረምሁ። ጥዖ ሳለሁ ጀልባ ላይ ድንጋይ ሲጭኑ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሚዛን መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ካፖው ወረቀት አሳየ። ጸሐፊው አይቶ ፈቅዷል አለ። ባልዋ ከፈቀደ እኔ ማነኝ?» መረቡን አነሣ። «ወላሂ፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሥራውን ተውሁት።»

እሁድ፣ ጥር 17

ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቅሁም፣ ከደጀ ሰላሙ ቆሜ አስቀደስሁ።

ያኔ ወደ ደሴቷ አልገባሁም። ዝርዝሩ ሲጻፍም አልሄድሁም። ሁለቱንም ጊዜ ፍርሃቴን በሌላ ስም ጠራሁት፤ አንዱን «ነገ»፣ አንዱን «ራስ ምታት»። ጾሙን አልሽርም፣ ጸሎቴን አላቋርጥም፣ ሰው ስለኔ ክፉ አይናገርም። እግዚአብሔር ግን አራት መቶ እርምጃ የማይሞላ ውሃ ከፊቴ አኖረና ማን እንደሆንሁ አሳየኝ።

ደግሞ ይህን አሰብሁ፦ እኔ ያልሄድሁበትን መንገድ ስሟን የማያውቁ ሰዎች ሄዱላት። ቋንቋዋን የማይናገሩ፣ በሃይማኖቷ የሌሉ። እያንዳንዱ ከአገሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አንሥቶ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሄደ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ነገ ሠራተኛው ወደ ክምሩ ይመለሳል። ነገ በጠዋት ለካፖው እነግረዋለሁ። «ነገ» ብዬ መጻፌን አየሁት። ምን ላድርግ፣ ዛሬ እሁድ ነው፤ ቤቱ ሄጄ ነበር፣ የለም።

ሰኞ፣ ጥር 18

ነገርሁት። ጀልባዎቹ ሳይነሡ ደረስሁ።

«ሳላይ ነው የፈረምሁት» አልሁት። «ሦስተኛው ክምር የባለቤቴ መቃብር ነው።»

ካፖ ዘርአይ ቁጡ ሰው ነው፣ ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን አደረግኸኝ? ሠላሳ ሰው መቃብር ሲያፈርስ ከረመ በለኛ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው። አስቁምልኝ።»

«ግማሹ ገብቷል እኮ። እሱን ከባሕር ማውጣት የለም፣ መንገዱ ይናዳል። የቀረውን ካስቆምሁ ደግሞ ለረቡዕ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ? እዚህ የመጣሁት መቃብር ለማፍረስ አይደለም፤ ግን ባለፈው ጊዜ ሰባት ነጭ ድንጋይ አለች አልኸኝ፣ የለችም። አሁን ደግሞ ትልቁ ነው ትላለህ።» ተነሣ። «በወረቀትህ ከእንግዲህ አላምንም። ነገ ጠዋት ደሴቷ ላይ ነኝ። መጥተህ በእጅህ አሳየኝ። ካሳየኸኝ አንዲት ጠጠር አትነሣም። ካልመጣህ ሥራዬን እቀጥላለሁ። እስከዚያ ሌላውን ክምር እጠርጋለሁ።»

«ጧፍ ልያዝ?» ብዬ ጠየቅሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ልብ ያዝ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ተሻገርሁ።

ሐመዱ ጀልባውን ገፍቶ ሲይዝልኝ ሁለተኛው እግሬ አልነሣ አለ። አንድ እግሬ አሸዋ ላይ፣ አንዱ ጀልባ ላይ። «ያ ወልዴ፣ ባሕሩ ሁለት ባለቤት አይወድም፤ ወይ ግባ ወይ ውጣ» አለኝ። ገባሁ። ከታች ተቀመጥሁና ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ጠራሁ። በአዲሱ መንገድ ጎን ነበር የሄድነው፤ ከድንጋዩ ላይ ውሃው ሲመለስ ይሰማኛል።

«ዓይንህን ክፈት» አለ ሐመዱ።

ከፈትሁ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ጀልባዋ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች። የመንገዱ መሠረት እስከ ታች ድረስ ይታያል፣ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ የከበበው። በመካከላቸው ትንንሽ ቢጫ ዓሦች ይገባሉ ይወጣሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ቤት አድርገውታል። የአስካለ ድንጋዮች። ባሕሩ ተከፍሎ ሕዝብ በደረቅ ተሻገረ የሚባለው በዚሁ ባሕር ነው፤ ያ ሕዝብ ግን ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ያየ አይመስለኝም። መፍራቴን ረሳሁ። እውነቴን ነው፣ ረሳሁ።

ካፖው እየጠበቀ ነበር። ክምሩ በአንድ ወገኑ ተቦርቡሯል፣ የቀረው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ግማሹ ሄዶ ይህን ካከለ መጀመሪያውስ ምን ያህል ነበር? በተቦረቦረው በኩል ተንበርክኬ በእጄ አሸዋውን ጠረግሁ። አንድ ነጭ። ሌላ ነጭ። ካፖውም ከጎኔ ተንበረከከ። ሰባቱም አሉ። በክብ፣ እንዳኖርኋቸው። ጣውላዋ ወድቃለች፣ ምስጥም ጨውም በልቷታል፤ «ወለተ» የሚለው ይነበባል፣ «ማርያም» የሚለው ጠፍቷል።

የክምሩ ክብደት ሁሉ ከላይ ሆኖ አንዷን ነጭ ድንጋይ አላፈናቀለም።

ካፖው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ለሠራተኞቹ በትግርኛ ጮኸ፣ ኖራ አስመጥቶ ዙሪያውን አሰመረ። «ከዚህ መስመር ያለፈ ከኔ ጋር ይጣላል» አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ድንጋይ ግን አጥሮኛል፣ ሓወይ። ረቡዕ መገናኘቱን እንጃ።»

ስመለስም በጀልባ ነው። ዓይኔን አልጨፈንሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

በአጭሩ ልጻፍ፣ ደክሞኛል፣ እጄ ቆስሏል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሰሜን ሸራ ታየ። አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውሁ። የበይሉል ጀልባዎች። ዓሣ አልጫኑም፣ ፍየል አልጫኑም። ጥቁር ድንጋይ። እየተጠጉ ከክፍተቱ ዳር ያራግፋሉ፣ ምንም አይጠይቁም።

ሐመዱ ወደ ሥራው ተመልሷል። «ማን ነገራቸው?» አልሁት።

«ቅዳሜ አንተ ዳጉ አልነገርኸኝም? ዳጉ እኔ ዘንድ አያድርም። የነጠላዋን ሴት ድንጋይ መንገዱ እየበላ ነው አልሁ። ባልዋ አላወቀም፣ እያለቀሰ ነው አልሁ። ሽማግሌዎቹ መከሩ። መንገዱ ከራበው እኛ እናብላው፣ እሷን ይተዋት አሉ።»

ካፖ ዘርአይ በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያል። «አቶ ጸሐፊ፣ ይህን በየትኛው ዓምድ ትጽፈዋለህ?» አለኝ። ሸህ ሙሔም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ሽርጡን አሸርጦ ያቀብላል፤ «እግሬን የላጠኝ ይኸው ራሱ ነው!» እያለ በየድንጋዩ ይምላል። እኔም መዝገቡን አስቀምጬ ተሸከምሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካፖው ጣውላውን አስጋደመ። ተገናኘ። ማንም እልል አላለም። ውሃው ብቻ ከሥር እየጮኸ ያልፋል።

ሐሙስ፣ ጥር 21። አስተርእዮ ማርያም

ከቅዳሴ መልስ ሄድሁ። ሕዝቡ በዝቶ ነበር፣ ግማሹ ለማየት፣ ግማሹ ለመሳቅ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። የድልድዩ ዘበኛ «አባባ፣ ድንጋዩ ይቆርጥዎታል» አለኝ። የትኛው የእሷ እንደሆነ፣ የትኛው ትናንት እንደመጣ መለየት አልችልም፣ ስለዚህ ሁሉንም በባዶ እግሬ ረገጥሁ። ይቆርጣል፣ እውነቱን ነው።

ቆጠርሁ። ሦስት መቶ ዘጠና አራት እርምጃ። አምስት ዓመት የፈራሁት ይኸው ነው።

ሐመዱ ቀድሞኝ መቃብሩ ጋ ተቀምጦ ነበር። ጧፉን በእጁ ከልሎ ከነፋስ ያዘልኝ። አዲሱን መስቀል ተከልሁ፣ ካፖው ከድልድዩ ትራፊ ጣውላ ያሠራልኝን። ከዚያ ከኪሴ ያችን ትንሽ ጥቁር ድንጋይ አውጥቼ ቦታዋ መለስኋት። ያመጣኋት እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው የተሸከመላትን ድንጋይ ለመመለስ ያህል ግን ድፍረት አገኘሁ።

«ስሟ አስካለ ነው» አልሁት።

«አስካለ» አለ ሐመዱ። ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ምላሱን ለማስለመድ። አሁን ስሟ እስከ በይሉል ይደርሳል፣ ምናልባት እስከ ጥዖ።

ልሄድ ስነሣ ዞር ብዬ ወደ የብሱ አየሁ። እኔ በየጠዋቱ እቆምበት የነበረው ቦታ ከዚያ ይታያል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ወገን ሆኜ አይቼው አላውቅም፤ በአርባዋ ዓይኔ ማዕበሉ ላይ ነበር፣ ማክሰኞ ደግሞ ድንጋዩ ላይ። ዛሬ እዚያው ቦታ ሸህ ሙሔ ቆሟል። ቆብ ማድረጉ ይታያል። መሳቁም ይታያል፣ ጥርሱ ሳይቀር።

እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። አስካለ ቆቤን ብቻ የምታይ መስሎኝ ነበር። ፊቴን ታይ ኖሯል፤ መፍራቴን፣ ጀልባዋ አጠገብ ደርሼ መመለሴን። ስምንቱንም ቀን። እንዲያም ሆኖ በየጠዋቱ ነጠላዋን አውለበለበችልኝ።

ከሐመዱ ጎን ተመልሼ ተቀመጥሁ። «እሺ፣ ዳጉ?» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርሁለት።